አራተኛዋ ብልቃጥ

ኅዳር ነው በካናዛዋ፤ ዝናቡ መስኮት ይልሳል፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ የቺካጌ መብራት ያመሻል።

የባሕር ሣር አፍልታ፣
በጨርቅ አጥልላ፣
ጨዉን በሚዛን ከፍላ፣
አራት ብልቃጥ ሞላች።
አንደኛዋ ለቅምሻ ያህል፣
ሁለተኛዋ እንደ እንባ፣
ሦስተኛዋ እንደ ባሕር፣
አራተኛዋ ምላስ የምታስር።
አምስተኛዋ ግን ጄል የላትም፤
ጨው ያለባት ባዶ ውሃ፣ ለማስተያያ የቆመች።

ጄልስ ምንድን ነው? ውሃ ነው እሱም።
ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ውሃ፣
የቀረው አንዱ ክር ነው፣ መረብ ነው፤
ለአዮን ማለፊያ አይነሳም፣
ውሃዉን ብቻ «አትናወጥ» ይለዋል።
አጋር ነው ስሙ፣ የሩቅ አገር ቋንቋ የሰጠው፣
በኛ አፍ ሲጠራ ግን ሥራው ሆኖ አገኘሁት።

በየአናታቸው የብር ናይትሬት ጠብ አደረገች።
ብሩ ወረደ፣ ጨዉ ወጣ፣
በተገናኙበት ነጭ መስመር ረጋ።
ብርም ቢሆን እዚህ ብር ብሎ አይሄድም፤
ይገፋል፣ ይገፋል፣ አቅጣጫ አያውቅም።
ወደ ታች የወረደው ታች ናፍቆት አይደለም፤
ላይ ስለ በዛ ነው፣ ታች ስላልነበረ።

ጨው በሳሳባት ብልቃጥ መስመሩ ገሠገሠ፣
የሚያስቆመው አጥቶ ወገቧ ደረሰ።
በአራተኛዋ ግን
በየርምጃው እጁን የሚይዘው አለ፣
የያዘውን ይዞ ነጭ ሆኖ እዚያው ቀረ፤
ኋላ የመጣውም እሱን አልፎ፣ ሌላ እጅ ላይ ወደቀ።
ቺካጌ በማስመሪያ ለካች፣ ጻፈች፦
ሁለት እጥፍ መንገድ፣ አራት እጥፍ ቀን።

አባቷ ጊሳኩ ከሱዙ መጣ፣ ዓይኑን ሊታይ፤
አርባ ዓመት የባሕር ውሃ አሸዋ ላይ የረጨ፣
ባልዲ ወርውሮ ውሃዉን እንደ ዝናብ የሚበትን፣
ከሰው ጋር ግን ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ።
የሐኪሙ ተራ እስኪደርስ ላብራቶሪው ገባ፣
አምስተኛዋን ብልቃጥ አንሥቶ በመዳፉ አቀፋት።
ነጩ ሁሉ ጉም ሆነ፣ ዞረ፣ ተደባለቀ።
«አባዬ!» አለች።
አስቀመጣት። እጁን ኪሱ ከተተ።
መዝገቡ ላይ ያለው ይኸው ነው፦
«አምስተኛዋ ተበላሽታለች። ምክንያት፦ የአባቴ እጅ፣ ሙቀት።»

ቆይቶ፣ ጣቱን ሳያስጠጋ፣
«ያቺ ለምን ትዘገያለች?» አለ።
«ጨው በዝቶባት።»
«እ...» አለ፣ እንደሚያውቃት ሴት እያያት፣
«ጨው የጠገበ አሸዋም አያስቸኩልም።»

ከዚያ በፊት እሑድ ማታ ስልኩ ሲጮኽ
«ዝናብ አለ?» «አለ።» «በይ ደኅና እደሪ» ነበር።
አሁን «የት ደረሰች?» ይላል።
«ስድስት ሚሊ።»
«ባለፈው አምስት ተኩል ነበር ያልሽኝ።»
«አዎ አባዬ፣ እየራቀች ስትሄድ ይከብዳታል።»
«ብርሃን እንዳያገኛት።»
«በጥቁር ወረቀት ጠቅልያታለሁ።»
ብር መሆኗን፣ ብርሃን ሲነካት መጥቆሯን
ማን እንደነገረው አልጠየቀችውም።
አንዳንዴ ዝም ይባባላሉ፤
በስልኩ ውስጥ የሱዙ ባሕር ይሰማል፣
ወይም የጊሳኩ ትንፋሽ ነው።

የካቲት። የሌሎቹ ሦስቱ ተጽፎ አልቋል፣
ብልቃጦቹም ታጥበው ተደፍተዋል።
አራተኛዋን ለምን እንዳቆየቻት የጠየቃት የለም።
ወረቀቱን ገለጥ አደረገች፣
ለካች፣ ዓይኗን አሸች፣ ደግማ ለካች።
መዝገቡ ላይ «ለውጥ የለም» ብላ ፈረመች።

ስልኩ ጮኸ።
«የት ደረሰች?»
ማስመሪያው አሁንም በእጇ ነበር።
«ግማሽ ሚሊ ሄዳለች» አለችው።
«እሰይ» አለ። ሳል አቋረጠው፣
«ልጄ፣ አታስቸኩያት።»